ፍሪዘር ያመጣው ፎቶ

ለማ አፉ አያርፍም። በስደት በሚኖርባት ጻካኔ ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቁ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ፣ ዳቦም ሲሸጥ የስልክ ካርድም ሲሸጥ ወሬው አንድ ነው፤ የወንድሙ ልጅ ማራናታና የምትሮጥለት ዩኒቨርሲቲ።

«በእግሯ ይበላሉ!» ይላል። «ፎቶዋን ቤት የሚያክል አድርገው መንገድ ዳር ሰቅለው ተማሪ ይለቅሙበታል፣ ስፖንሰር ይሰበስቡበታል፤ ልጅቷ ግን የታክሲ ከኔ ትለምናለች። ቆይ፣ እነሱ ከሸጧት ለሷስ የማይከፍሉት ለምንድን ነው? ደግሞ እኮ በነፃ አስተማርናት ይሉኛል። የሌባ ዓይነ ደረቅ!»

ደንበኞቹ ነገሩን ከመልመዳቸው የተነሳ፣ «ማይ ፍሬንድ፣ ዛሬም አልከፈሏትም?» እያሉ ይቀልዱበታል።

ደግሞም እውነቱን ነው። ወንድሙ ሲሞት ማራናታን በዘጠኝ ዓመቷ ከሆሳዕና አስመጥቶ፣ በዚያችው ሱቅ ጓዳ ያሳደጋት እሱ ነው። ጎህ ሲቀድ ስትሮጥ በብስክሌት ከኋላዋ የተከተላትም እሱ ነው። ለሷ ቢቆረቆር ማን ይፈርድበታል?

ግን ይኸው ለማ፣ ባለፈው ኅዳር ምን ሠራ መሰላችሁ? ዓብዩ የሚባል፣ ከተማ መሀል የስፖርት ጫማ የሚሸጥ ሰው መጣና፣ «የልጅቷን ፎቶ ሱቄ ፊት ልስቀለው፤ ፈቃድ ታስገኝልኛለህ?» አለው።

«ከማን ነው የማስገኘው? አሳዳጊዋ እኔ አይደለሁ እንዴ!» አለና እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈረመ። በሳምንቱ ሁለት ክዳን ያለው አዲስ ፍሪዘር ሱቁ በር ላይ ወረደ።

እነግራታለሁ ብሎ ነበር። ዛሬ ነገ ሲል ቀረ። ለገና እረፍት መጥታ «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብላ ስትጠይቀው፣ ምላሱ ቀደመውና «እግዚአብሔር ሰጠን» አላት። እሷም አሜን አለች። ያቺ አሜን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጆሮው አልጠፋችም።

መጋቢት ላይ ማራናታ ደወለች። «ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ዓብዩ የሚባል ሰው ፎቶዬን ሰቅሎ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አገኙት። በውላችን መሠረት ስሟንና ፎቶዋን የሸጠች ሯጭ በርሰሪዋን፣ የነፃ ትምህርት ዕድሏን፣ ትነጠቃለች፤ ከትምህርቱም ከመኝታውም እባረራለሁ ማለት ነው። ሰውዬው ደግሞ ለቤተሰቧ ከፍያለሁ ብሎ የተፈረመ ወረቀት አሳያቸው! ውሸታም ነው፣ ጋሼ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም ብዬ ተሟግቼልሃለሁ። ሐሙስ ና፤ አንተው ንገርልኝ።»

«እመጣለሁ» አለ ለማ። ስልኩን ዘግቶ ፍሪዘሩን አየው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሐሙስ የእሑድ ኮቱን ለብሶ ሄደ። በር ላይ ሊነግራት «ማሬ፣ ስሚኝ እስቲ» ከማለቱ ጸሐፊዋ ጠራቻቸው። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሸምገል ያለች ሴት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ለማ ከደንበኞቹ ጋር የሚያወራው በሰፈሩ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን የሱቅ ነው፣ ከዋጋና ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ማራናታ ራሷ ልታስተረጉም መሀል ተቀመጠች።

«ፊርማው ያንተ ነው ወይ ትላለች» አለችው ፈገግ ብላ። አይደለም የሚለውን ለመተርጎም ቸኩላለች።

«የኔ ነው።»

ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ። ቢሆንም ተረጎመች። «ምን ተቀበልክ ትላለች።»

«ፍሪዘር።»

«ያ ፍሪዘር?» አለች፤ ይህን የጠየቀችው ኃላፊዋ ሳትሆን ራሷ ናት።

«አዎ፣ ልጄ።»

ይህንንም ተረጎመች፤ ድምጿ ግን ቀጥኖ ነበር። ኃላፊዋ አንድ ነገር ጨምራ ጠየቀች። ማራናታ ከፊቷ ያለውን ውሃ ጠጣች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ ከዚያ ወደ ለማ ሳታይ፣ «ከዚያ ላይ ለኔ ምን እንደደረሰኝ ትጠይቃለች» አለች።

ለማ ወረቀቱ ላይ ያለውን ፊርማውን አየ። በእግሯ ይበላሉ እያለ ስንት ዓመት ጮኋል! አሁን ጥያቄው ለራሱ መጣ።

«ምንም» አለ። «ነገሩን አታውቅም። ምንም አልሰጠኋትም።»

ማራናታ ቃል በቃል ተረጎመችው። ይሄኔ የኃላፊዋ ፊት በራ! ምንም ካልደረሳት ጥፋት የለባትም አለች፤ የቅዳሜውን ውድድር ትሩጥ። እውነቱን ስለተናገረ አመስግና የለማን እጅ ጨበጠች። ለማ እጁን ቶሎ ሳብ አደረገ።

ግቢው በር ላይ፣ በዚያ ትልቅ የማራናታ ፎቶ ሥር፣ «ማሬ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አላት። «ፍሪዘሩን ሸጬ ገንዘቡን...»

«ተው ጋሼ። እንኳንም አልሰጠኸኝ። ብትሰጠኝ ኖሮ ይሄኔ ተባርሬ ነበር።»

ይህን ብላ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ልምምድ ሄደች። ቻው እንኳ አላለችውም። ለማ የታክሲ ሊሰጣት ያዘጋጀው ብር እጁ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ሱቁን እንደከፈተ አንድ ደንበኛ ፍርግርጉን አንኳኩቶ ቀዝቃዛ መጠጥ ጠየቀና እንደ ልማዱ፣ «ማይ ፍሬንድ፣ ዛሬም አልከፈሏትም?» አለው።

ለማ ከፍሪዘሩ አንድ ጠርሙስ አውጥቶ በፍርግርጉ አሾለከለት።

«አልከፈልናትም» አለው።