«በቃ» የሚል ድምፅ

አንጥረኛው የተቀቀለውን እንቁላል ገና ትኩስ ሳለ በሹካ ደቆሰና ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ ጨመረው። የሟች ሚስቱን የብር ቀለበት በክር አስሮ፣ እንቁላሉን እንዳይነካ ከላይ አንጠለጠለና ክዳኑን ገጠመ። የቀለበቱ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ ቀለሙ እንደ ድሮው ከሆነለት እዚያ መልሶ ሊዘጋበት ነው።

ልጁ አጠገቡ ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች። ትናንት፣ ለእናቷ ክብር ብላ፣ ቀለበቱን በጥርስ ሳሙና ፈትጋ ፈትጋ መስታወት አስመስላው ነበር።

«እድፍ መስሎኝ እኮ ነው፣ አባዬ። መች አውቄ!»

«ከየት ታውቂያለሽ፣ የኔ እናት? እኛም አልነገርንሽ።»

የቀለበቱ ቀለም ከሠርጋቸው ጀምሮ የነበረ ነው። ሲደበዝዝ እዚችው ወጥ ቤት፣ በዚሁ ብሩን በሚያቀልመው በእንቁላል ሽታ ያድሱት ነበር።

«ታዲያ ያው ቀለም ይመለሳል አይደል?»

አንጥረኛው ብልቃጡን ወደ ብርሃን አዞረው። ብሩ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ፤ ዝም ካሉት ይጠቁራል። እሱ ግን ሲፈጥረው ቀለም አይለይም። ቢጫውን ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእሱ አንድ ነው።

«እናትሽ ‹በቃ!› ስትል አወጣው ነበር። እጁ የኔ፣ ዓይኑ የእሷ። ‹ያለኔ ከሰል ሻጭ ነበርክ› ትለኝ ነበር።»

ልጁ በእንባዋ መሀል ሳቀች። ወዲያው ወደ ብልቃጡ ጎንበስ አለች።

«ቀላ… ኧረ ሐምራዊ እየሆነ ነው! የቱ ጋ ነበር የምታስቆምህ?»

«እንጃ። እኔ የማውቀው ድምፅዋን ነው።»

«እኔም እኮ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። እጇ ላይ ነበረ፤ የእናቱን እጅ ማን ያያል?»

አንጥረኛው ክዳኑን ይዞ አንገቱን ደፋ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«የእሷ ቀለም ከእሷ ጋር ሄዷል፤ ነፍሷን ይማር» አለ። «አንቺ ደስ ያለሽ ላይ በቃ በይ።»

«ብሳሳትስ?»

«በጥርስ ሳሙና ታጥቢዋለሽ፤ ተክነሽበታል።»

አሁን ግን አልሳቀችም። ዓይኗን ከብልቃጡ ሳትነቅል ትንፋሿን ዋጠች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

«በቃ!»

ክዳኑን ከፍቶ ቀለበቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ በጨርቅም አደረቀው።

«የእሷን ይመስላል?» አለች፣ እየፈራች።

አንጥረኛው ባዶውን ሳጥን በክርኑ ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ጣትሽን ስጪኝ» አላት።