ከማብረጃው በኋላ

«አንዲት ጉርሻ ብቻ፤ ለኔ ብለሽ» አለች አደይ ምጽላል፣ ሕምባሻ ቆርሳ ዙሀራ መዳፍ ላይ እያስቀመጠች። «ኣጆኺ ሓፍተይ፣ አይዞሽ እህቴ። ሐዘን በባዶ ሆድ አይቻልም።»

ዙሀራ ቁራሹን ተቀበለችው እንጂ አልቀመሰችውም። ባሏ ጀይሉ ከተቀበረ ገና አንድ ሌሊት ነው ያለፈው። መቀሌ ሮማናት አደባባይ ላይ የልብስ ቦንዳ ተሸክሞ ሲሻገር መኪና ገጨው፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ፤ በዚያው ቀን ታጥቦ፣ ተሰግዶበት አፈር ገባ። የወሎ ልጆች እድር፣ ቅሬው፣ ሓድነት ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ ድንኳን ተክሏል። ወንዶቹ እዚያ ናቸው። ሴቶቹ ጠባቧ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

ምጽላል ብቻ አልተቀመጠችም። ከንጋት ጀምሮ ቤቱ የራሷ የሆነ ያህል ትሽከረከራለች። ውሃ ትቀዳለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ የሃይማኖት ነገር እንዳይነካካ ብላ ከቤቷ የጾም ምግብ ብቻ ሠርታ ታመጣለች። እንግዳ ሁሉ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው እያለ ያመሰግናታል። ዙሀራ ግን ባየቻት ቁጥር ፊቷን የምትደብቅበት ይጠፋታል።

«ለጀይሉ ይኼ ምን አለው?» አለች ምጽላል ወደ ሴቶቹ ዞራ። «ሓወይ፣ ወንድሜ ነው እኮ እሱ ለኔ። ሰው ሁሉ ልጅሽን ሓለፎምን ባሕር በልቶታል ሲለኝ፣ እጁን ሸሚዙ ላይ አኑሮ በሕይወት አለ ያለኝ እሱ ነው። ልጄን መልሶ ሰጠኝ።»

«አላህ ይዘንለት» አሉ ሴቶቹ ተቀባብለው። «የሱ እጅ መቼ ዋሽቶ ያውቃል!»

ዙሀራ ሕምባሻውን ጨብጣ ፍርፋሪ አደረገችው።

ጀይሉ ሰልባጅ ነጋዴ ነበር። ከወሎ ወደ መቀሌ ሲመጣ ጉልበት እንጂ ሌላ አልነበረውም፤ ቦንዳ እያወረደ ለምዶ ኋላ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ዙሀራ በተጋቡ ሰሞን ሱቁ ውስጥ አብራው ቦንዳ ስትፈታ ነው ነገሩን ያየችው። ኮት አንስቶ ያራግፋል፣ ይሰቅላል፤ ሌላ ያነሳል፣ ይሰቅላል፤ አንዱን ይነካና እጁን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ጥግ ይወረውረዋል።

«ምን አገኘህበት? ቀዳዳ አለው?»

«ባለቤቱ ሞቷል» አላት፣ ቁልፉ ጎድሏል በሚል ሰው ድምፅ። «የሞተ ሰው ልብስ ይቀዘቅዘኛል። በቁሙ ያለ ሰው ልብስ ግን ሙቅ ነው፤ ባለቤቱ ያለው ከባሕር ማዶም ቢሆን።»

ሳቀች። ኋላ እንዳልቀለደ ገባት። እንዲህ ያለ ሰው እዚህም እዚያም እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ የሷ አገር ሰዎች ከራማ ይሉታል፣ ክርስቲያኖቹ ጸጋ ይሉታል፣ ሐኪሞቹ ደግሞ ሌላ ስም አላቸው። ራሷ ዙሀራ ልጅ ሆና ከሳምንት በኋላ የሚመጣውን ዝናብ ዛሬ የምታሸት ሴት ታውቅ ነበር። የጀይሉ ከራማ በልብስ መምጣቱ ነው ያሳቃት። «ሌላው ከራማው በሽተኛ ይፈውሳል፣ ያንተ ገበያ ይዘጋል» ትለው ነበር፣ የሟቾቹን ኮት ክምር እያየች። እሱም አብሯት ይስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። መንገድ ሲከፈት ሰው የጠፋበት ሁሉ የጠፋበትን ሰው ልብስ ይዞ ወደ ሱቁ መጣ። ሹራብ፣ የትምህርት ቤት ሱሪ፣ አንድ እግር ካልሲ። ጀይሉ ይነካል፣ ሙቅ ከሆነ አለ ይላል፣ ከቀዘቀዘው አንገቱን ይደፋል። መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ተማክሮ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ ራሱን የሚጥለውን የሚይዝ ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። ጀይሉ ግን ብቻውን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በተንጠለጠሉ ሱሪዎች መሐል ነበር የሚያረዳው። ከእንዳ ኢየሱስ የመጡ አንድ አባት በጥፊ መቱትና መልሰው አቅፈውት አለቀሱ። አንዲት እናት ደግሞ ነካ ያደረገውን ሹራብ ሌላ ሹራብ ነው ብላ እየደበቀች ደጋግማ አቀረበችለት። ምግብ ተወ። በሙቅ ውሃ ቢነክራቸውም እጆቹ አልሞቅ አሉት። ቤት ሲገባ የገዛ ልጆቹን ልብስ ላለመንካት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጥ ጀመር።

«ማብረጃውን ተወጋ» ያለችው ዙሀራ ናት። እሷው ናት ክሊኒክ ይዛው የሄደችው።

ማብረጃው አንድ መርፌ ነው። አንዴ ከተወጉት ከራማው ይጠፋል፤ ተመልሶ አይመጣም፤ መድኃኒትም ሆነ ጸሎት አይመልሰውም። ነርሷ ይህንን እየደጋገመች ነገረችው፣ እሱ ግን ክንዱን አጋልጦ ጨርሶ ነበር። ለማንም እንዳይናገሩ ተስማሙ፤ ገና ስንት ሰው ልብስ ታቅፎ ተራ እየጠበቀ፣ ሄዶ አጠፋው ቢባል ማን ይምረዋል? ለመጣው ሁሉ ደክሞኛል፣ ሌላ ጊዜ ይላል። ቀስ በቀስ ሰዉ መምጣቱን ተወ። ጀይሉ እንቅልፍ ተኛ፣ ቦርጭ አወጣ፣ ሁሉንም ኮት ሳይለይ ሸጠ። ዙሀራ ባሏን አገኘችው። ደስ አላት፤ ደስ ማለቷን ዛሬም አትክድም።

ለምጽላል ግን ደክሞኛል ማለት አልቻለም። በዚያ በክፉው ጊዜ ወፍጮ ቤት ሲዘጋ፣ የመጨረሻ ጣሳ ጥሬዋን ቆልታ ለልጆቹ ያካፈለች ሴት ናት። ወደ ሳዑዲ እሄዳለሁ ብሎ የወጣው ሓለፎም የተሳፈረበት ጀልባ ሰጠመ ተብሎ በተወራ ማግስት፣ ሸሚዙን በሁለት እጇ ታቅፋ ገባች። ጀይሉ ተቀበላት። ሸሚዙን ያዘው፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሙቅ ነው» አለ። «በሕይወት አለ።»

ምጽላል እልልታዋን አቀለጠችው። ስትወጣ ዙሀራ በሩን ዘጋችና፣ «ምን አደረግህ አንተ ሰው?» አለችው።

«ምን ልበላት? ሙቅም አይደለም፣ ቀዝቃዛም አይደለም። ጨርቅ ነው። ጨርቅ ነው ልበላት?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሓለፎም አልደወለም። ምጽላል ግን ታስሮ ይሆናል፣ ስልኩን ወስደውበት ይሆናል እያለች፣ የሚያጽናናትን ሁሉ እሷው ታጽናናለች።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ምጽላል ዙሀራ ጎን ተቀመጠችና ጆሮዋ ሥር ተጠጋች። ፊቷ ላይ የለቅሶ ቤት ሰው የሚያፍርበት ዓይነት ደስታ ነበር።

«ነገ ዱዓው ካለቀ በኋላ ኤልሻዳይን ልሸኛት ነው። በሐዘንሽ መሐል አልነግርሽም ብዬ ነበር።»

«ወዴት?»

«ወደ ወንድሟ ነዋ! ያው ደላላ፣ ያው መንገድ። እምቢ ስላት ነበር፤ ልጅ ናት፣ የመጨረሻዬ ናት። ግን አሰብኩ፤ ሓለፎም በሰላም ደርሷል፣ ጀይሉ አረጋግጦልኛል። ያ መንገድ ቢገድል ኖሮ ወደይ፣ ልጄ፣ በሕይወት ይኖር ነበር?»

ዙሀራ አፏን ከፈተች። ሴቶች እየገቡ ነበር፤ አዲስ የመጡት ሲያለቅሱ ምጽላል ብድግ ብላ ፍራሽ ልታነጥፍላቸው ሄደች።

ዙሀራ የባሏን ታላቅ ወንድም ጃፋርንና የቅሬውን ዳኛ ሸኽ ኑርሁሴንን ወደ ጓዳ አስጠራች። ስለ ማብረጃውና ለምጽላል ስለተነገራት ውሸት ነገረቻቸው። ጃፋር ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ።

«እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ» አለች። «ነገ በማለዳ ሽማግሌ ይዛችሁ ቤቷ ሂዱና ንገሯት።»

«ምን ብለን እንንገራት?» አሉ ሸኽ ኑርሁሴን። «ልጅሽ ሞቷል እንበል?»

«አይደለም። አይታወቅም በሏት።»

«አይታወቅም የሚባል መርዶ የለም፣ ልጄ። ስንት ዘመን አርድቻለሁ። ሰው የሞተበትን ታረዳዋለህ፤ ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ይቺን ሴት ከምን ላይ ልናስቀምጣት ነው?»

«ልጅቷ ነገ ትሄዳለች እኮ!»

«ዙሀራ» አለ ጃፋር። «የወንድሜ አፈር አልደረቀም። ውጪ ያለው ሰው ሁሉ እጁ ዋሽቶ አያውቅም እያለ ነው የሚያለቅስለት። ይህን ብትናገሪ ያልዋሸበትም ሁሉ ይጠረጠራል። ልጆችሽ የዋሾ ልጆች ሊባሉ ነው። ተይ፣ በአላህ።»

«እኔ ሁሌ ዋሸ አላልኩም ጋሼ ጃፋር። ከመርፌው በፊት አልዋሸም።»

«ይህን ማን ሊለይልሽ ነው?»

እሷ ራሷ ዒዳ ላይ፣ ባል የሞተባት ሴት ቤት በምትቀመጥበት ጊዜ ላይ ናት፤ ከቤት ወጥታ የሰው በር አታንኳኳም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰው ልካ ምጽላልን አስጠራቻት፤ ምጽላል ልጇን ልታሰናዳ ገበያ ሄዳለች ተባለ። ዙሀራ ቀኑን ሙሉ በሩን እያየች ዋለች። ለባሏ ማልቀስ እንኳ አልሆነላትም፤ ልታለቅስ ስትል ያ ሸሚዝ ፊቷ ይደቀናል፣ ሐዘኑ ወደ ንዴት ይዞርባታል። ሄደህ ለኔ ተውክልኝ፣ ትለዋለች በሆዷ።

ዱዓው ሊያበቃ ሲል ምጽላል ገባች። ከኋላዋ ኤልሻዳይ፣ ጸጉሯን ለመንገድ ተሹርባ፣ ጀርባዋ ላይ የተማሪ ቦርሳ። ሰፈሩ ሲያሳድጋት የኖረች ልጅ ናትና ሴቶቹ ሁሉ ቦታ ለቀቁላት። ምጽላል ልጇን ትከሻዋን ይዛ ዙሀራ እግር ሥር አንበረከከቻት።

«ጀይሉ ቢኖር እሱ ነበር የሚመርቃት። በሱ ፈንታ አንቺ መርቂያት» አለች። «እጁ ለወንድሟ እንደቀናለት ለሷም ይቅናላት በይልኝ።»

በወሎ ሰው ቤት ምርቃት ሲባል የማይዘረጋ እጅ የለም። ክርስቲያን እስላም ሳይባል ሴቶቹ ሁሉ መዳፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ያዙ፣ ለመጀመሪያዋ ቃል አሚን ሊሉ። በር ላይ የቆሙት ወንዶችም፣ ጃፋርም ጭምር፣ እጃቸውን ዘረጉ። ዙሀራም ዘረጋች። የተዘረጋው እጅ ሁሉ ጠበቃት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ከታች ትተነፍሳለች። ጃፋር በዓይኑ ለመናት።

ዙሀራ እጆቿን አወረደች።

«አደይ ምጽላል፣ ጀይሉ አያውቅም ነበር።»

«ምኑን?»

«ሓለፎምን። ሸሚዙን ሲነካ ከራማው አልነበረም። ማብረጃውን ተወግቶ ነበር። እኔ ነኝ ያስወጋሁት። ሙቅ ነው ያለዎት እርስዎ ፊት አይታወቅም ማለት አቅቶት ነው።»

አንድ ሁለት ሴቶች እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ምጽላል ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልሄደም ነበር።

«ሓቂ ድዩ?»

«ወላሂ እውነት ነው።»

«እህ፣ ታዲያ ሞቷል?»

«አላውቅም።»

«አለ?»

«አላውቅም፣ አደይ። ማንም አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?» ምጽላል ጮኸች። «ሞቷል በይኝና ላልቅስ! አለ በይኝና ልጠብቅ! ዋይ ኣነ፣ ይሄን ይዤ ወዴት ልግባ? ልጄን ሁለቴ ነጠቃችሁኝ፣ ባልሽም አንቺም!»

ኤልሻዳይ ብድግ አለች። «ማማ፣ እኔ እሄዳለሁ፤ ራሴ ፈልጌ—» ስትል እናቷ አንጓዋን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። የያዘቻት አያያዝ ልጅቷን አስጮሃት። ጎትታ ከጎኗ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻትና አልለቅ አለቻት። አላለቀሰችም። ልጅቷን እንደያዘች ወለሉን ብቻ ታይ ጀመር።

ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ሲደርስ ተሰማ፤ ጉርምርምታ፣ ከዚያ ወንበር ሲገፋ። አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «የኔንስ ልጅ የነገረኝ መቼ ነው? በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለ። ሌላው ተከተለው። ጃፋር ሊያረጋጋ ወጣ። የጀይሉ ለቅሶ በዚያች ደቂቃ ተበተነ፤ ዙሀራ ሰዎቹ ከደጇ ሲሄዱ ኮቴያቸውን ሰማች። ሴቶቹም አንድ በአንድ ጫማቸውን ፈለጉ።

ምጽላል ግን አልሄደችም። ልጇን ጎትታ ስታስቀምጥ፣ ለጀይሉ ሐዘን ብላ አዘቅዝቃ ለብሳው የነበረው ነጠላ ከትከሻዋ ተንሸራትቶ ወድቆ ነበር። ልታነሳው አንድ እጇን ሰደደች፤ በአንድ እጅ ነጠላ አይለበስም፣ ሌላኛውን ደግሞ ከልጇ አንጓ ላይ ልታነሳ አልፈለገችም። ተወችው።

ዙሀራ ከማዕዘኗ ተነሳች። ነጠላውን አነሳችና ልታለብሳት ዘረጋችው። ጥለቱ እጇ ላይ ነበር። ወደ አንገቷ አድርጋ ብታዘቀዝቅላት ልጇን ቀበረችባት፤ አቅንታ ብታለብሳት ባሏ የዋሸውን ደገመችው። ጥለቱን ይዛ ቆመች። ከዚያ ነጠላውን ለአራት አጠፈችና መሬት አስቀመጠችው፤ አጠገቧ ተቀመጠች፣ የራሷን ሻርፕ ፈታች፣ ግማሹን ምጽላል ባዶ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። ምጽላል አልተጠጋቻትም፣ አልገፋቻትምም።