ነፍሱ ሳትወጣ መድረስ

የሳህሉ ውሸት ሦስት ዓመት ሞልቶታል። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ወፍሮ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ከዋረንተን ከተማ ወዲያ ባለ ጫካ ውስጥ፣ ለአንድ ሰው እንኳ በምትጠብ ድንኳን ውስጥ፣ በሳህሉና በአማቱ መካከል ተጋፍቶ ተቀምጧል።

አወላለዱ እንዲህ ነው። ሳህሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ ፓርኪንግ ማናጀር ነው። ፓርኪንጉ አምስት ፎቅ ነው፤ ሳህሉ ሲያወራው አሥራ አንድ ይደርሳል። አደን ያስተማረው የሚስቱ የየዓለምዘርፍ ወንድም ሲራክ ነው። የመጀመሪያውን አጋዘን የጣለ ጊዜ ከሥጋው ቋንጣ አስደርቆ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ አሌክሳንድሪያ ወሰደ፤ ሲራክ ቤት ለሚኖሩት አማቱ፣ ለአቶ ኃይለልዑል።

አቶ ኃይለልዑል ጎጃም ውስጥ ሠላሳ ዓመት በእንስሳት ሐኪም ረዳትነት የሠሩ፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ዛሬም ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ የሚወጡ ሰው ናቸው። ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ያልባረከውን ሥጋ አይቀምሱም። ቢላ ሳይነካው የሞተ፣ በጥይትም ይሁን በመኪና፣ ለእሳቸው በክት ነው። ቋንጣውን አንስተው አሸተቱትና፣

«ማን ባረከው?» አሉ።

ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ሁሉም ወደ ሳህሉ ዞረ። ሳህሉ ደግሞ ሰው ወደ እሱ ሲዞር አፉ ከራሱ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ነው።

«እኔ ነኛ አባባ! ተኮስኩ፤ ሮጥኩ፤ ነፍሱ ሳትወጣ ደረስኩበት። በሬ የሚያህል ነው! ቀንዱን ጠምዝዤ በስመ አብ ብዬ አረድኩታ!»

እውነቱ እንዲህ አይደለም። የሲራክ የመጀመሪያ ትምህርት ተኩሰህ እንዳትሮጥ የሚል ነው። የተመታ አጋዘን ካላባረሩት ቅርብ ቦታ ሄዶ ይተኛል፤ ካባረሩት ግን ከነቁስሉ ሦስት ካውንቲ ያቋርጣል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለህ፤ ከዚያ የደሙን ዱካ እያየህ ትከተላለህ። ሳህሉ በሦስት ኅዳር ሦስት አጋዘን ጣለ፤ ሦስቱንም የደረሰባቸው ዓይናቸው ፈጦ፣ ምላሳቸው ወጥቶ፣ ቀዝቅዘው ነው። አቶ ኃይለልዑል ሦስቱንም በሉ። ውሸቱም በየዓመቱ ይፋፋ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ሳህሉ አጋዘኑን በአንድ እጁ ብቻ ይዞ አርዶታል።

ዘንድሮ፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ አማቱ ደወሉ።

«የቅበላውን ሥጋ ልታመጣ ስትሄድ አብሬህ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ስትባርከው ልይህ እንጂ! ሲራክን ወለድኩ፤ ጀግናውን ግን ያገኘሁት በሴት ልጄ በኩል ነው።»

ሳህሉ እሺ አለ። ሚስቱ የሚያወራውን ስትሰማ ግማሹን ትቀንሳለች፤ ጓደኞቹ ሦስት አራተኛውን። በዚህች ምድር ላይ የሳህሉን ወሬ ሳይቀንስ፣ እንዳለ የሚቀበል አንድ ሰው ቢኖር አቶ ኃይለልዑል ብቻ ናቸው። እሳቸውን ካጣ ማንንም አያገኝም። ደግሞስ የጾም ቀን ምሥር እንኳ ቅቤ በነካ ማንኪያ የማያስነኩ ሽማግሌን ሦስት ዓመት ሙሉ በክት አብልቻለሁ ተብሎ እንዴት ይነገራል?

ሲራክ ግን አጽናንቶት ነበር። «ብሮ፣ ዶንት ወሪ። እኔ አባባን ይዤ ወደ ኋላ እቀራለሁ። አንተ ቀድመህ ደርሰህ አንገቱን ቆረጥ ታደርግና ባረክሁት ትላለህ። ፊኒሽድ።»

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ሲራክ ደወለ። «ብሮ፣ ሥራ ኮል አደረጉኝ። ሰው ጎድሏል።»

«እንግዲያው ቀርቷል በላቸዋ!»

«አንተ ንገራቸው። ለብሰው ሎቢ ከወረዱ አንድ ሰዓት አለፋቸው።»

እውነትም ወርደዋል። በካፖርታቸው ላይ የአዳኝ ብርቱካናማ ሰደርያ ደርበው፣ ብብታቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢላ ይዘው፣ ለሎቢው ዘበኛ በምልክት ስለ አማቻቸው እያወሩለት ነበር። ሳህሉ ያንን ሰደርያ ሲያይ ቀርቷል ማለቱን ትቶ የመኪናውን በር ከፈተላቸው።

የአደን ድንኳኗ ጥቁር ጨርቅ ናት፤ ከፊት አንዲት ጠባብ መስኮት፣ ከኋላ ዚፕ። ዚፑን የዘጉት አቶ ኃይለልዑል ናቸው። ሳህሉ ድምፁን የወህኒ ቤት በር ሲዘጋ እንደሚሰማው አድርጎ ሰማው። ጉልበቱ ከአማቱ ጉልበት ጋር ተቆላልፏል፤ እሳቸው ያወጡትን ትንፋሽ እሱ ያስገባል። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ አዳኝ ሆኖ አጋዘን እንዳይመጣበት የተሳለ ሰው ቢኖር ሳህሉ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ካርቶን ጧፍ ተሳለ።

«አባባ» አለ በሹክሹክታ። «ጥይቱን ስተኩስ በስመ አብ ብዬ ብተኩስስ? ያው እንደ መባረክ አይቆጠርም?»

«ጥይት ቢላ ነው?»

«ያው ብረት ነው ብዬ ነው።»

«መኪናም ብረት ነው። ቤልትዌይ መንገድ ላይ የተገጨውን ሁሉ እየሰበሰብክ አብላኛ!» አሉና ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። «ለመሆኑ ይሄን ምን አስጠየቀህ? አንተ በቢላ አይደል የምትባርከው?»

«በቢላ ነው! በቢላ! ለጨዋታ ያህል ነው አባባ።»

ጧፉ አልሠራም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ወንድ አጋዘን ከዛፎቹ መሃል ወጣ። ቀንዱ ስምንት ጫፍ ነበረው፤ አንገቱ የድልድይ ምሰሶ፣ ደረቱ የቤት በር። ሳህሉ እንኳ የሚጨምርበት አጣ። ጠመንጃውን አነሳ። ሆን ብሎ ሊስተው አሰበ፤ ግን አማቱ በጆሮው «ከክንዱ ኋላ፣ ከክንዱ ኋላ» ይላሉ፤ ልሳተው ልምታው ሲል እጁ መሃል ቤት ቀረና ጥይቱ ወጣ። አጋዘኑ ወገቡን አጉብጦ ዘለለና ጫካው ዋጠው።

«መትተኸዋል! በል ተነሥ፣ ሩጥ!» አቶ ኃይለልዑል ዚፑን ከፍተው በአራት እግራቸው ወጡ። ሳህሉ ሲከተላቸው እሳቸው አጋዘኑ የቆመበት ቦታ ደርሰው ጎንበስ ብለዋል። አንድ ቅጠል አነሡ፤ ደሙን በጣታቸው አሹት።

«ጠቁሯል» አሉ። «ወደ ኋላ ሄዶብሃል፤ ጉበቱን ነው። እንዲህ ያለው ቶሎ አይሞትም፤ ብናሳድደው ግን አናገኘውም። ትንሽ ይተኛልን። ና እንቀመጥ።»

ተመልሰው ገቡ። ዚፑ እንደገና ተዘጋ።

«ያለፉትንስ የት የት ነበር የመታሃቸው?» አሉ አቶ ኃይለልዑል እግራቸውን እያመቻቹ።

«ሳንባቸውን! ሦስቱንም ሳንባቸውን!»

«ጎሽ።» በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቢላ ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ሳንባውን የተመታ እንስሳ ግን መቶ ሜትር ሮጦ ይወድቃል። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳትጨርስ ነፍሱ ትወጣለች። እንዴት ደረስክበት?»

«ሮጬ ነዋ።»

«አንተ?»

«እኔ!»

«ባለፈው ሊፍቱ ሲበላሽ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠህ ውሃ አምጡልኝ ያልከው አንተ?»

«ያን ቀን ጉልበቴን አሞኝ ነው አባባ።»

«እም» አሉ አቶ ኃይለልዑል። ያቺ «እም» ድንኳኗ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆየች። የሳህሉ እግር ደነዘዘ፤ ሊዘረጋው ፈለገ፤ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ሊያስነጥሰው መጣ፤ ዋጠው። አንዴ ዚፑን አየ፤ ከፍቶ ቢሮጥ የት ይደርሳል? መኪናው አጠገብ ቢደርስ እንኳ ቁልፉ አማቱ የተቀመጡበት ቦርሳ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ወጡና ዱካውን ያዙ። ከፊት እሳቸው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የጠፋ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው አጎንብሰው። እዚህ ቅጠል ላይ ጠብታ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ እፍኝ የማይሞላ ፀጉር። ሁለት ጊዜ ደሙ ጠፋባቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌው አገኙት። ሳህሉ ከኋላ እየተከተለ ሞቶ ባገኘነው እያለ ይለምናል፤ ሞቶ ከተገኘ ማረዱ ይቀርለታል፤ ነፍሱ ሳትወጣ መድረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነም አማቱ ራሳቸው ያዩታል። አጋዘኑ ግን ከአንድ ጅረት ዳር፣ እሾህ ሥር ተኝቶ ነበር። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አያቸው።

አቶ ኃይለልዑል ጋዜጣውን ፈትተው ቢላውን በእጀታው በኩል ለሳህሉ ዘረጉለት።

«በል፣ እንደለመድከው።»

ሳህሉ ተቀበለ። ከፊቱ እሾህ፣ ከኋላው አማቱ፣ በቀኙ ውሃ። ሳህሉ በሕይወቱ ዶሮ አርዶ አያውቅም። አጋዘኑ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ በብርዱ እንደ ጭስ ይታያል፤ ዓይኑን ከሳህሉ ላይ አልነቀለም።

«አባባ፣ አልደረስኩም» አለ። «አንዱንም በሕይወቱ ደርሼበት አላውቅም። ሦስቱም ሞተው ነው ያገኘኋቸው።»

አቶ ኃይለልዑል አዩት። ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ አይድንም ያሉትን ከብት ያዩ የነበረው እንዲህ ነው። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አጋዘኑ በፊት እግሮቹ ተነሣ።

«ያዘው!» ብለው ጮኹ፤ ቢላውን ከእጁ ነጠቁት። «ያዘው እንዳያመልጥ!»

እፍረት ይሁን ድንጋጤ ሳህሉ ራሱም አያውቅም፤ ዘሎ ቀንዱን ያዘ። አጋዘኑ ተወራጨ፤ ሁለቱም ተያይዘው ጅረቱ ውስጥ ገቡ። ውሃው በረዶ ነበር። እሾህ መዳፉን ቀደደው፤ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ቀንዱን ግን አልለቀቀም።

«ወደ ምሥራቅ!» ይላሉ አማቱ እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው። «ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙረው!»

«ምሥራቅ የት ነው አባባ?»

«ፀሐይ የወጣችበት!»

«ደመና ነው እኮ!»

«ስልክህ ላይ ኮምፓስ የለም እንዴ?»

«በየትኛው እጄ ልክፈተው?»

«በቃ ወደ መኪናው አዙረው፣ ስንመጣ ብርሃኑ ከዚያ በኩል ነበር!» አዞረው። የአንገቱ ጅማት እስኪበጠስ አዞረው። አቶ ኃይለልዑል «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አሉ፤ ቢላው አንዴ ሄደ፤ አለቀ። ውሃው ቀልቶ፣ ቆይቶ መልሶ ጠራ።

የሆድ ዕቃውን አውጥተው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀንድ ይዘው፣ አጋዘኑን እስከ መኪናው ጎተቱት። መንገድ 66 ላይ ትራፊኩ ተዘጋ። ሳህሉ አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ሂተሩ ይነፍሳል፤ ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና። እንዲህ አንድ ሰዓት ከሄዱ በኋላ ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ያንን ቋንጣ ማን ይበላው እንደነበር ታውቃለህ?»

«እርስዎ፣ ሲራክ...»

«ቀሲስ ነህምያ።»

ሳህሉ ፍሬን ያዘ። ቀሲስ ነህምያ የአማቱ ብቻ ሳይሆን የመላው ቤተሰብ የንስሐ አባት ናቸው።

«በየዓመቱ ግማሹን ለእሳቸው ነው የምወስደው» አሉ አቶ ኃይለልዑል ወደ ፊት እያዩ። «አማቼ ሮጦ ነው የሚደርስበት እያልኩ። እኔም ትንሽ ሳልጨምርበት አልቀረሁም።»

«ምን ጨመሩበት አባባ?»

«ነብር ገድሏል ብያቸዋለሁ» አሉና ስልኩን አንስተው ሰጡት። «በል ደውል። ስፒከር ላይ አድርገው።»

ቀሲስ ነህምያ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ። «ሳህሉ! ደረሰ እንዴ የዘንድሮው?» ሲሉ ድምፃቸው መኪናውን ሞላው። ሳህሉ ነገራቸው፤ ሦስቱንም ዓመት።

«ሦስቱንም?» አሉ ቀሲስ ነህምያ።

«ሦስቱንም አባታችን።»

«ነብሩስ?»

አቶ ኃይለልዑል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሳህሉ አያቸው፤ የረጠበ ሱሪያቸውን፣ ሰደርያቸውን።

«ነብርም የለም» አለ። ማን እንደጨመረው አልተናገረም።

«ስግደቱን እሑድ እሰጥሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ገና ግን ስለ አደን አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ያላደረግኸውንም፣ ያደረግኸውንም።»

«የዛሬውን እንኳ? አባታችን፣ የዛሬው እኮ እውነት ነው!»

«የዛሬውን በተለይ» አሉና ዘጉት።

በቅበላው ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ የሳህሉ ቤት ሰው ጢም ብሎ ሞላ። የአጋዘኑ ጥብስ በሁለት ትሪ ቀረበ። ሰው በልቶ ሲጠግብ እንደየዓመቱ ሁሉም ወደ ሳህሉ ዞረ። ሳህሉ ሳህኑን አየ።

«ምነው ዝም አልክ? አሞሃል እንዴ?» አለች የዓለምዘርፍ ግንባሩን እየዳሰሰች።

«ተዪው፣ እኔ ልንገራችሁ» አሉ አቶ ኃይለልዑል እጅጌያቸውን ሰብስበው። «ቀንዱ አሥራ አራት ጫፍ ነው። አሥራ አራት! ይሄ ልጅ ድንኳን ውስጥ ቀረ፤ ብርዱን አልቻለውም። እኔ ግን ተከተልኩት። ጅረቱ እስከ ደረቴ ነው፤ ቀንዱን በዚህ በግራ እጄ ይዤ...»

«ወይ አባባ!» አለ ሲራክ ፊቱ በርቶ። ማንም አልቀነሰም።

«... ያዝ ለቀቅ ስንል ጫማዬን እንኳ ጭቃው አስቀረው!»

ሳህሉ በጠረጴዛው ሥር የግራ እግሩን ጣቶች አንቀሳቀሳቸው፤ ትልቁ ዛሬም አልሞቀም። የእሾሁን ቁስል በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አፉን ከፈተ። ማዶ የተቀመጡት ቀሲስ ነህምያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ሳህሉ የከፈተውን አፍ በጥብስ ሞልቶ ዘጋው።