ያልሞቀው ስፒና

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር በሃደርስፊልድ ከተማ፣ ጡረተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ክሊፈርድ ራምስደን ጋራዡ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካው ስፒና እንዳልሞቀ በይፋ አስታወቀ።

አዋጁን የሰሙት ሚስቱ ዶሪን፣ ልጁ ጂሊያንና ጎረቤታቸው ሱሬሽ ናቸው። የጂሊያን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከጠዋት ጀምሮ በዚያው ስፒና ቻርጅ ሲደረግ ውሏል። ነገ አንድ ቴክኒሻን መጥቶ ለመኪና ተብሎ የተሠራውን የቻርጅ ሣጥን ሊገጥም ቀጠሮ ይዟል። ክሊፈርድ ቀጠሮው አሁኑኑ እንዲሰረዝ ይፈልጋል። ለሰፈሩ ቤቶች አርባ አንድ ዓመት የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋ እጅ እያለ፣ በገዛ ቤቱ ሌላ ሰው ግድግዳ ሊበሳ!

«ስፒናው ውስጥ ፊውዝ አለ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። «አደጋ ቢኖር ፊውዙ ይቃጠል ነበር። ተቃጠለ? አልተቃጠለም።»

«የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ቢሰካበት እኮ የሚስበው ሦስት ደቂቃ ነው፣ አባዬ» አለች ጂሊያን። «ይኼ አሥር ሰዓት ሙሉ ይስባል። ፊውዙ ሳይቃጠልም ይግላል።»

«እንግዲያው ንኪው!»

ነካችው። ቀና ብላም አባቷን አየችው። በልጅነቷ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ደጃፋቸው የሚቆመው እሱን ፍለጋ ነበር፤ የያኔው ኩራት ተመልሶ መጣባት።

«ደህና ነው» አለች።

ሱሬሽም በተራው በሁለት ጣቱ ነካ አደረገና ጣቶቹን ቶሎ ኪሱ ከተታቸው። በዚያ ሰፈር ሰውን በገዛ ጋራዡ መቃወም ከነጫማ አልጋ ላይ እንደ መውጣት ነው።

«በረዶ ነው፣ ሚስተር ራምስደን!»

«ምን ላድርግ፣ ሙያ ነው» አለ ክሊፈርድ፣ በትሕትና።

ጂሊያን ቀጠሮውን ልትሰርዝ ስልኳን አወጣች።

«ቶሎ በይና እንግባ» አለች ዶሪን። «እናንተ ስትፈላሰፉ እኔ በብርድ ማለቄ ነው።» እያጉረመረመች የደነዘዙ ጣቶቿን አሻሸች፤ ጎንበስ አለችና፣ ምንም ሳታስበው፣ ትኩስ ስኒ እንደሚይዝ ሰው ስፒናውን በሁለት መዳፏ አቀፈችው። ዓይኗ ተከደነ።

«እፎይ…»

የጂሊያን አውራ ጣት ስልኩ ላይ እንዳለ ቀረ። ሱሬሽ የጋራዡን ጣሪያ መመርመር ጀመረ።

ክሊፈርድ የሚስቱን እጆች ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ፣ በባለሙያ እርጋታ፣ የሶኬቱን ማጥፊያ ቀጭ አደረገው።

ዶሪን እጇን አላነሳችም።