ማንኪያ በማንኪያ

ባለቤቴ መካኒክ ነው። ለእሱ ዓለም በሙሉ ሞተር ናት፤ ጉንፋን ይዞኝ ሳስል እንኳን "ድምፅሽ ተቀይሯል፣ አንድ ነገር ላልቷል" ይለኛል። ትናንት ልጃችንን ሚጢጢን ተቅማጥ ሲያጣድፋት ግን ቀልዱ አለቀ። "ያጠጣሻት ሁሉ በታች እየወጣ አይደል እንዴ? ቀዳዳው ሳይደፈን ውሃ መሙላት ምን ይሠራል?" ብሎ ኩባያዋን ቀማኝ። ዛሬ ጠዋት ዓይኗ ጎድጉዶ ሳይ ታቅፌያት ወደ ጤና ጣቢያ በረርኩ። እሱም ቱታውን እንደለበሰ ተከተለኝ።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እንደኛ አልተርበተበተችም። የሚጢጢን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሰገራዋ ደም እንዳለው ጠየቀችን፤ የለውም አልን። ውሃ በማንኪያ ስታቀርብላት ልጄ ተስገብግባ ማንኪያውን ነከሰችው።

"ፈሳሽ አጥሯታል፤ ደግነቱ ትጠጣለች። እዚሁ ኦ አር ኤስ፣ ሕይወት አድኑን ንጥረ ነገር፣ በማንኪያ እንሰጣታለን። ሆዷ ካልያዘው ሆስፒታል እልካችኋለሁ" አለች።

"ማንኪያ? ልጄ እየሞተችብኝ ማንኪያ? ግሉኮስ ስቀይላት እንጂ!" ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ደግሞ ከኋላዬ፣ "መጀመሪያ ማፍሰሱ ይቁምላት እንጂ ሲስተር" አለ።

ሲስተሯ ቱታውን አየት አደረገች። "ጋራዥ ነው የሚሠሩት? ራዲያተሩ የሚያፈስ መኪና ጋራዥ እስኪደርስ ምን ያደርጉታል?"

"ውሃ እየጨመርኩ እነዳዋለኋ! ያለዚያማ ሞተሩ..."

ዞሮ የልጁን የጎደጎዱ ዓይኖች አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው የተበጠበጠውን ኦ አር ኤስ ተቀብሎ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በጥድፊያ ከብርጭቆው ሲያስጎነጫት ግን ሁሉንም ደረቱ ላይ መለሰችው።

"አለቀልኝ!" አልኩ።

"ምንም አላለቀም። ትንሽ ትረፍና ቀስ ብለው ይስጧት" አለች ሲስተሯ።

ያ ችኩል ሰው ትንፋሹን ውጦ ማንኪያ በማንኪያ ያጠጣት ጀመር። በየመሃሉ እኔ ጡት እሰጣታለሁ። ዓይኔ ጉሮሮዋ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ እሷ በዋጠች ቁጥር እኔም እውጣለሁ። አላስመለሳትም! አሁንም አላስመለሳትም!

"ኧረ!" ብሎ ባለቤቴ ድንገት ብድግ አለ። "ሸናች! ሲስተር፣ ሸናችብኝ!"

ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ዞሮ አየው። ቱታው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ እሱ ግን ልጁን ከፍ አድርጎ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ይዘላል። ሲስተሯ ሮጣ መጥታ ቆዳዋን እንደገና ቆነጠጠችና ቶሎ ሲመለስ ፈገግ አለች።

"ከሸናችማ ፈሳሹ ገብቶላታል፤ ሆስፒታሉ ቀርቷል። ቤትም ባስቀመጣት ቁጥር ይኼንኑ ስጧት፣ ምግብም እንዳትከለክሏት። ይኼን የዚንክ ኪኒን ደግሞ ቢሻላትም እስኪያልቅ ስጧት።"

እሱ አንድ በአንድ ደግማ እንድትነግረው ለመናት። እኔ ግን ምኑንም መስማት አልቻልኩም፤ ባሌን ከነልጄ፣ ከነሽንቱ ጥምጥም ብዬበት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።