ከበረዶ የወጣው ደም

ወላሂ፣ እኔ ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ እንኳ ዋሽቼ አላውቅም። የገርጂ ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ ሀጀር ምላሷ ስለት ነው፣ ግን አይዋሽም። የዋሸሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በአባቴ ደም።

አባዬ ሙነወር ዕድሜውን ሙሉ በወሎ መንገድ ከባድ መኪና የነዳ ሾፌር ነው። ጉበቱ ሲታመም አእምሮውም አብሮ ታመመ። ጫማውን እጁ ላይ ሊያጠልቅ ይታገላል። እኔን የገዛ ልጁን "እህት፣ ማን ልበል?" ያለኝ ዕለት ሱቄን ዘግቼ ወሎ ሰፈር ካለ ሆስፒታል አስገባሁት። ዶክተር ሃረገወይን፣ ጉበቱ ማጣራት ያቃተው አሞኒያ የሚባል መርዝ ነው ጭንቅላቱን ያደነዘዘው አለችና ሆድ የሚያጥብ ሽሮፕ አዘዘችለት። በአራተኛው ቀን "ሀጀር፣ ሱቁን ማን ይጠብቃል?" ሲለኝ በደስታ አለቀስኩ።

ታላቅ ወንድሜ ሙኽታር ግን እየተሻለው መሆኑን አላመነም። አባዬ ድሮ "ሞቴ ከመጣ ነፍሴ ሳትወጣ አገሬ አግቡኝ" ብሎታል። "አሞኒያው ይለካ። ከወረደ ይቆያል፤ ካልወረደ ነገ አገሩ ኮምቦልቻ ይዤው እሄዳለሁ" አለ።

የሆስፒታሉ መሣሪያ ተበላሽቷል። ደሙን ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ወዳለ ላብራቶሪ የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ዶክተሯ ብልቃጡን በረዶ በሞላ ፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። "ከበረዶው እንዳታወጪው፤ በሃያ ደቂቃ ድረሺ። ከሞቀና ከቆየ ቁጥሩ በውሸት ይንራል" አለችኝ፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ንቅንቅ አልል አለ። ፌስታሉ ማፍሰስ ጀመረ። ሾፌሩ "ኧረ ወንበሬን!" ብሎ ሲጮህ የአፉን ሰጥቼው ወረድኩ። በረዶው ቀልጦ የአባቴ ደም ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ሳየው አንጀቴ አልቻለም። አውጥቼ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩትና ሮጥኩ። ላብራቶሪው በር ላይ መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ስከተው ደሙ ከተቀዳ አንድ ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

"ከበረዶ ወጥቶ ነበር?" አለችኝ የላብራቶሪዋ ልጅ።

አዎ ብላት እንደገና ሊወጉት ነው። ክንዱ ጠቁሮ መርፌ የሚያርፍበት ቦታ አልቀረውም። "ኧረ አልወጣም! አሁን ነው የቀለጠው" አልኳት።

ቁጥሩ ሰማይ ነክቶ መጣ። ዶክተሯ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ አባዬን አየች። "እኔ የማክመው ሰውየውን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። እየነቃ ነው። ሁለት ቀን ስጡኝና ይደገም" ብላ ለመነች።

ሙኽታር ወደ እኔ ዞረ። "ሀጀር፣ እንዳለችሽ ነው ያደረስሽው አይደል?"

ለታክሲ ሾፌር የማይመለሰው ምላሴ እዚህ ፈራ። አፈርኩ፤ ሌላ ምንም አይደለም፣ መዋሸቴን ወንድሜ ፊት ለማመን አፈርኩ። "አዎ" አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት በኮንትራት መኪና ይዘነው ወጣን። የጣርማበርን ቁልቁለት ስንወርድ አባዬ ዓይኑን ገለጠ። "ማርሽ ቀንስ፣ አንተ ልጅ! እዚህ ፍሬን አይታመንም" አለው ሾፌሩን፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያ እጄን ያዘኝ።

"ሀጀር፣ ወዴት ነው የምትወስዱኝ?"

"ወደ ቤት ነው፣ አባዬ።"

"ቤቴ ገርጂ አይደል እንዴ? ልጄ፣ መልሱኝ እንጂ።"

"ሙኽታር፣ እንመለስ! ደሙን ከበረዶ..." ብዬ ሳልጨርስ አባዬን ደም አስመለሰው። ሾፌሩ ሸዋ ሮቢት ሐኪም ቤት ለመድረስ በረረ። አልደረስንም፤ ጭኔ ላይ ቀረ። ሙኽታር ያልኩትን ይስማ አይስማ አላውቅም። ደግሜ አልነገርኩትም።

ለቅሶው ላይ ሙኽታር የላብራቶሪውን ወረቀት ከደረት ኪሱ እያወጣ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። "ያለቀለት ነበር፤ ይኸው ቁጥሩ" ይላል። ከዚያ በእጁ እኔን ያሳያል። "ይቺ እህቴ ደሙን ይዛ ባትሮጥ አናውቅም ነበር። አላህ ዋጋሽን ይክፈልሽ።"

ድንኳኑ ሙሉ "አሚን" ይላል።