በአራት ጣት የጠበበ በር

"ቁም። ከዚህ በኋላ አንዲት ጣት እንኳ እንዳትጨምር" አለች ሚስት፣ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ።

ባል ፍሬን ያዘ። አሮጌዋ መኪና አፍንጫዋን ከግቢው በር አውጥታ ቆመች። ሞተሩ ጥርት ብሎ ይሠራል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓትንና እሁድን የበላ ሞተር ከዚህ ያነሰ ድምፅ ቢያወጣ ነበር የሚገርመው። ችግሩ የሞተር አልነበረም። ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ የበሩን የብረት ቋሚ ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል፣ የግራውም እንደዚያው፤ መኪናዋ ደግሞ ከዚያ ወደ ኋላ እየሰፋች ነው የምትሄደው። በዓይን ግምት አራት ጣት ያህል ጎደለ።

ሚስት በያጅ ናት። ከመንገዱ ጫፍ የራሷ ሱቅ አላት፤ ይህን የግቢ በርም ከሦስት ዓመት በፊት፣ የድሮው አጥር በዝናብ ሲወድቅ፣ በገዛ እጇ ሠርታዋለች። ከላይ እስከ ታች ሐረግ ይወርድበታል፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ ከላሜራ የተቆረጠ ነው። መንገደኛው ቆሞ "ማን ሠራው?" ይላል፤ ከደንበኞቿ ግማሾቹን ያመጣላት ይኸው በር ነው። ባል ደግሞ ቀያሽ ነው። ሰው በድንበር ሲጣላ ሜትር ይዞ የሚያስታርቀው እሱ ነው።

"አንተ ሰው" አለችው በመስኮቱ ጎንበስ ብላ። "የዚህን በር ስፋት የነገርከኝ አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ።"

"መኪናዋ እንድታልፍበት ብለህ፣ ለክተህ?"

"ሁለት ጊዜ ነዋ የለካሁት። እንዲያውም ትንሽ ጨመር አድርጌበታለሁ።"

"ስትለካት ፓራፋንጎዎቹ የት ነበሩ?"

ያኔ ፓራፋንጎዎቹ ተፈትተው፣ ተቃንተው፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው ተቀምጠው ነበር። ምስኪን፣ የለካው መኪናዋን ራቁቷን ነው።

"አልጋ ሥር" አለ ባል።

ልትስቅም ልትጮህበትም ፈልጋ ሁለቱንም ተወችው፤ ከመንገዱ ማዶ አባቷ ቆመዋልና። አባቷ ክራቫት አስረዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። ይቺን መኪና ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተውባታል፤ አራት ልጅ ያሳደጉትም በእሷ ነው። ልጅት ትንሽ እያለች ሞተሩ አጠገብ ድርሽ ካለች "ተይ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል፤ ይሄ ለወንድሞችሽ ነው" ይሏት ነበር። ወንድሞቿ ግን አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነ፣ ሁለቱ ርቀው ሄዱ፤ መኪናዋም ከቤት ጀርባ ዝገት የበላው ሬሳ ሆና ቀረች። በመጨረሻ አስጎትታ የወሰደቻት እሷው ናት። ያኔ ወለሉ ተበልቶ በውስጡ ሣር ይታይ ነበር።

አባቷ አሁን የሚኖሩት ታላቅ ወንድሟ ዘንድ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ይላሉ። በመጡ ቁጥር እሷ በመስተንግዶ ላይ ተፍ ተፍ ስትል፣ ባሏ ጨርቅ ይዞ መኪናዋን ሲያሻሽ ያዩታል። "እጅህ ይባረክ ልጄ" ይሉታል ትከሻውን መታ መታ አድርገው። ባል ደሙ ይፈላል። አንድ ሁለቴ "አባባ፣ እኔ እኮ…" ብሎ ጀምሮ ነበር፤ በዓይኗ አፉን አስያዘችው። ባሏ መስክሮላት እንዲታወቅ አልፈለገችም፤ ኩራቷ አልፈቀደማ።

ዛሬ ግን ቀኑ ነበር። ከተማው ውስጥ ያሉ አሮጌ መኪኖች አራት ሰዓት ላይ ኳስ ሜዳው ተሰብስበው በሰልፍ ያልፋሉ፤ እያንዳንዷ ስታልፍ ማን እንዳደሳት በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ቅጹ ላይ "ያደሰው ሰው" በሚለው ቦታ የራሷን ስም ጽፋለች። አባቷ ይህን ከማያውቁት ሰው አፍ፣ በሕዝብ ፊት እንዲሰሙ ነበር ሐሳቧ። አሁን ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ሜዳው ለመድረስ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ያረፈደ መኪና ሰልፉ ውስጥ አይገባም።

"ፓራፋንጎዎቹን እንፍታቸው" አለ ባል ከመኪናዋ ወርዶ።

"መጋጠሚያው በቀለም ተዘግቷል። ከነካካነው ይሰነጠቃል። ደግሞስ መች ፈትተን መች ልንገጥም ነው?"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

የበሩን ቋሚ ከላይ እስከ ታች አየችው። ስፋቱ አንድ ጥፍር የሚያህል ሳይቀር በልቧ አለ፤ አሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ብረት ነው፣ በሦስት ቦታ ግድግዳውን ይዟል። እሱ ከወጣ መኪናዋ ታልፋለች። ልቧ ቅር ሲለው ተሰማት፤ እንዲህ ያለ በር በሕይወቷ ደግማ አልሠራችም።

"ግራይንደሩን አምጣው" አለች።

"በርሽን ልትቆርጪው?" አለ ባል ደንግጦ።

"በር ሌላ እሠራለሁ። ሌላ ስድስት ዓመት ግን ከየት አመጣለሁ? ይልቅ ብርድ ልብሱን አርጥበህ ፓራፋንጎው ላይ ጣልልኝ፤ ፍንጣሪ ቀለሙን እንዳይነካ።"

ባል መኪናዋን ወደ ኋላ መልሶ ሞተሩን አጠፋ። እሷ በአዲሱ ቀሚሷ ላይ የቆዳ ሽርጧን አጠለቀች፣ መነጽሯን አደረገች። አባቷ ይህን ሲያዩ መንገዱን ተሻግረው መጡ።

"ምን ልትሆኚ ነው? ለእሱ ስጪው እንጂ፣ ይሄ እሳት ነው" አሏት።

"አባባ፣ እኔ ከያዝኩት አጥሩም አብሮ ይወርዳል" አለ ባል። "ይልቅ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ።"

አባት እያጉረመረሙ ጎንበስ አሉና የእርጥቡን ብርድ ልብስ ጫፍ ያዙ። ግራይንደሩ ጮኸ። በመጀመሪያ የበሩን ማጠፊያዎች ቆረጠች፤ ባሏ ሐረግ የወረደበትን ክንፍ አቅፎ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ከዚያ ወደ ቋሚው ዞረች። ፍንጣሪው እግሯ ሥር እየተረጨ የላይኛውን፣ የመካከለኛውን ቆረጠች፤ የታችኛውን በጉልበቷ ተንበርክካ ጨረሰችው። አባቷ እያዩአት መሆኑን ስታስብ ደስ አላት፤ ሳትደብቅ፣ ልቧ እስኪሞላ ደስ አላት።

ቋሚው ሲወድቅ ግራይንደሩን አጠፋች። ዞር ስትል አባቷ መኪናዋ አጠገብ ተንበርክከዋል። ብርድ ልብሱን ትተውታል። ከመኪናዋ በር ሥር እጃቸውን ሰደው የብየዳውን መስመር በጣታቸው ይዳብሳሉ። ከዚያ ተነሡና የልጃቸው ሥራ መሆኑን ወደሚያውቁት የግቢ በር ክንፍ ሄደው የሐረጉን መጋጠሚያ እንዲሁ ዳበሱት። እንደገና ወደ መኪናዋ ተመለሱ። ብየዳ ደግሞ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ያየ ሰው አይስተውም።

"ወለሉን ማን በየደው?" አሉ።

"እኔ" አለች።

"የበሮቹን ሥርስ?"

"እኔ።"

"ሞተሩን ማን ፈታው?"

"እኔ ነኝ አባባ። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ። ሦስት ወር ቆመን ነው የበላነው።"

የአባቷ ጉልበት ላይ አፈር ነበር፤ አላራገፉትም።

"ታዲያ ይሄ ሰውዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ነበር?" አሉ ወደ አማቻቸው ዞረው።

"ሲለካ" አለች።

ከሁሉም ቀድሞ የሳቀው ባል ነው። አባትም ሊይዙት ሞክረው አቃታቸው፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ ከዚያም በመሐረብ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ መጥረጉ ግን ከሳቁ በኋላም ትንሽ ቆየ።

መኪናዋ በጠባቡ ሳይሆን በሰፊው ወጣች። ባል መንገድ ላይ አቁሟት ወረደና የበሩን ክንፍ ለመጠበቅ እቤት እንደሚቀር ተናገረ፤ ቅጣቴ ነው አለ። አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ሰልፉን አይደርሱበትም፤ ሦስቱም ያውቃሉ።

ልጅት ሽርጧን አውልቃ የሹፌሩን በር ለአባቷ ከፈተች። ወደ ሜዳው የሚነዱት እሳቸው እንደሆኑ ከሳምንት በፊት ነበር የተነጋገሩት፤ ክራቫቱም የታሰረው ለዚያ ነው። አባት መሪውን ለአፍታ አዩት። ከዚያ የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ፤ በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን ያልተቀመጡበት ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፣ መስኮቱንም እስከ ታች ዝቅ አደረጉት።

"ሜዳውን ተዪው" አሏት። "በሰፈሩ አዙሪን። ቀስ እያልሽ ንጂ፣ ሰው ይይሽ።"